የኩሬ ደለል ስንት ደርሷል? በሁለት ዘንግና በአንድ ገመድ የሚለካበት መንገድ

ክረምት ወጥቶ ኩሬው ግጥም ብሎ ሲሞላ ስለ ወለሉ የሚያስብ የለም። ውሃው ዳር እስከ ዳር ነው። ከብቱም ይጠጣል፣ ሽንኩርቱም ይጠጣል። ከዚያ የካቲት ሳይደርስ ያልቃል። "ዘንድሮ ፀሐዩ ከረረ" ይባላል። "ኩሬው ይሰርጋል" የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ደለሉ ነው። ጎርፍ በየዓመቱ ይዞት የሚመጣው አፈር ወለሉ ላይ ይተኛና የውሃውን ቦታ ይወስዳል። የውሃው ገጽ ስፋት ስለማይቀንስ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ብዙ ጊዜ ደለል የሚለካው በግምት ነው። አንዱ ረጅም እንጨት ይነክርና "ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል" ይላል። በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ ጉልበት ይጠራል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ማሽን ይከራያል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ከባድ አይደለም። ሁለት ዘንግ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ደብተርና ሦስት ሰው ይበቃል።

መመሪያው ለማኅበረሰብ ኩሬ፣ ለጓሮ ኩሬ፣ ለዓሣ ኩሬና ለትንንሽ የአፈር ግድቦች ይሆናል። እንደ ቆቃ ላለ ሰፊ ውሃ አይሆንም። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1960) ሥራ የጀመረ ግድብ ነው፤ የላይኛው አዋሽ ደለል ዛሬም ያስቸግረዋል። እንደዚያ ያለ ሐይቅ የሚለካው ጀልባ ላይ በሚገጠም የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ግን ከኛው ጋር አንድ ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ድምፅ ይልካል። ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለው፣ ቀጭኑ ድምፅ፣ የደለሉን አናት ነክቶ ይመለሳል። ዝቅ ያለው፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ደለሉን ዘልቆ ከሥር ካለው ጠንካራ ወለል ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደለሉ ውፍረት ነው። እኛም ሁለት ንባብ ነው የምንወስደው፤ በዘንግ።

ሁለቱ ዘንጎች

የመጀመሪያው ባለ ሳህን ዘንግ ነው። ሥራው የደለሉን አናት መንካትና እዚያው መቆም ነው። ቀጥ ያለ ቀርከሃ ወይም ቀጭን የብረት ቧንቧ ውሰዱ። ጫፉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ሳህን አስበይዱ። ላሜራ ሊሆን ይችላል፤ ዘንጉ ቀርከሃ ከሆነ ደግሞ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ጣውላ በምስማር ይመታል። ሳህኑ ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳ ከሌለው ወደ ታች ሲወርድ ውሃውን እየገፋ ልሙን ጭቃ ይበትነዋል። ዘንጉ በጣም ከከበደ ሳህኑ ራሱ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። በጣም ከቀለለ ደግሞ ውሃው ያንሳፍፈዋል። በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ወርዶ ጭቃው ላይ የሚያርፍ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ቀጭን ዘንግ ነው። እሱ ደለሉን ዘልቆ ነባሩን ወለል ያገኛል። ብዙ ሰው ፌሮ ያስባል። ፌሮ ይሠራል፤ ግን ገላው ላይ ያለው ጥርስ ጭቃውን ስለሚይዝ "ወለሉ ደረሰ" ብሎ ያታልላል። እኔ የምመርጠው ለስላሳ ባለ ግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ነው። ጫፉ ይደፈን፤ ድፍኑም ድብልብል ይሁን እንጂ የሾለ አይሁን። የሾለ ጫፍ ነባሩን ወለል ሳይቀር ይወጋዋል። ከጫፉ በላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ጭረት አሠሩበት። ዘንጉ ሲወጣ ጭረቱ ውስጥ የቀረው አፈር ከሥር ምን እንዳለ ይነግራችኋል።

ርዝመቱ ከኩሬው ጥልቀት ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይብለጥ። ሁለቱንም ዘንጎች ከታች ጀምራችሁ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉባቸው። በየሜትሩ ደግሞ ቀይ ናስትሮ ጠቅልሉ። ዜሮው ከታችኛው ጫፍ ላይ ነው የሚጀምረው። ባለ ሳህኑ ዘንግ ዜሮው የሳህኑ የታችኛው ፊት ነው። ምልክቱን ማርከር ብቻ ካደረጋችሁት ሥራው ሳያልቅ በውሃ ይጠፋል፤ የዘይት ቀለም ተጠቀሙ።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሜትር፣ ችካሎች፣ መዶሻ፣ እርሳስና ደብተር ነው። እስክሪብቶ እጅ ሲረጥብ ይበላሻል። ገመዱ ናይለን ከሆነ ሲረጥብ ይለጠጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ነክራችሁ፣ ወጥራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቋጠሮውን የምትቋጥሩት።

መቼ ይለካ?

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው። ጎርፉ አብቅቷል፣ ውሃው ጠርቷል፣ አዲሱ ደለል ወለሉ ላይ ተኝቷል። ጎርፍ በገባ ማግሥት አትለኩ። ደቃቁ አፈር ገና በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ የደለሉ አናት የት እንደሆነ አይታወቅም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ።

በጠዋት ጀምሩ። ነፋስ ሲነሳ የውሃው ገጽ ይወዛወዛል፤ የዘንጉም ምልክት አይነበብም። በዚያ ቀን ፓምፕ እንዳይሠራ ተነጋገሩ። ከብቶቹም ልኬቱ እስኪያልቅ ይቆዩ ወይም በሌላ ዳር ይጠጡ። ከብት የገባበት ቦታ ጭቃው ይታመሳል።

ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

ይሄን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ። ኩሬ ሰው ይበላል። ዋና የሚችልም ይሞታል፤ የሚይዘው ውሃው ሳይሆን ጭቃው ስለሆነ። እግር እስከ ጉልበት ከሰመጠ በኋላ ሲታገሉት ይብሳል።

ብቻችሁን በፍጹም አትለኩ። የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፤ የገመዱን ጫፍ ዳር ላይ ያለ ሰው ይያዘው። ውሃው ከወገብ ካለፈ በእግር መሄድ ይቅር። በጀልባ፣ በታንኳ ወይም አራት ባዶ በርሜል ጠፍራችሁ ጣውላ በማንጠፍ በምትሠሩት ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ሁኑ። በርሜሉ ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት አይሁን፤ ያ ውሃ ይጠጣል። ቀንድ አውጣ በሚበዛበት ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ረጅም ቦት ጫማና የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ስትወጡም ገላችሁን ቶሎ አድርቁ። አልቅትም አለ። ሕፃናት ለማየት ስለሚሰበሰቡ አንድ ሰው እነሱን ብቻ ይጠብቅ።

በጂኦሜምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ) የተለበጠ ኩሬ ያላችሁ ደግሞ ቀጭኑን ዘንግ አታውጡት። አንድ ጊዜ ፕላስቲኩን ከበሳ ኩሬው ሄደ ማለት ነው። ለናንተ ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

የማይንቀሳቀስ ነጥብ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። የዘንድሮ ልኬት ከከርሞው ጋር ሊወዳደር የሚችለው ሁለቱም ከአንድ ቦታ ከተነሡ ነው። የውሃው ገጽ ግን ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከኩሬው ዳር የማይነቃነቅ ነገር ፈልጉ። የማፍሰሻው የሲሚንቶ ከንፈር ካለ ከሱ የተሻለ የለም። ከሌለ ትልቅ የተቀበረ ድንጋይ ላይ በቀለም መስቀል አድርጉ።

ቀጥሎ የውሃው ገጽ ከዚያ ምልክት ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንደሚል ለኩ። ግንበኞች ከፍታ ለማስተካከል የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል። አንዱን ጫፍ ምልክቱ ዘንድ ያዙ፤ ሌላውን ውሃው ዳር ከተተከለ ችካል ጋር አቁሙ። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። አየር አረፋ እንዳይኖርበት ብቻ ተጠንቀቁ።

ያንን የውሃ ዳር ችካል የውሃው ገጽ በነካበት ቦታ ላይ ጫር አድርጉት። ሥራው ሲያልቅ ተመልሳችሁ እዩት። ውሃው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከወረደ ማን እንደጠጣው ፈልጉ፤ ንባባችሁንም አስተካክሉ።

መስመር መዘርጋት

ደለል የሚተኛበት ሥርዓት አለው። ጎርፉ ኩሬው ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይሞታል። ከባዱ አሸዋና ጠጠር መግቢያው ላይ ይወድቃል። ደቃቁ አፈር እየተንሳፈፈ ሄዶ በጥልቁ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ በግድቡ ሥር ይከማቻል። መሃል ላይ ቀለል ይላል። ዳር ዳሩ ላይ በጣም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቦታ ለክቶ ስለ ኩሬው በሙሉ መናገር የማይቻለው።

ከመግቢያው ወደ ግድቡ ሲሄዱ ኩሬውን የሚያቋርጡ ትይዩ መስመሮች ዘርጉ። በየመስመሩ ጫፍ፣ በሁለቱም ዳር ችካል ትከሉና ገመዱን ወጥሩ። ገመዱ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች የመለኪያ ነጥቦቻችሁ ናቸው። ለአነስተኛ የጓሮ ኩሬ ቋጠሮው በየ2 ሜትሩ ይሁን። ለማኅበረሰብ ኩሬ በየ4 ወይም በየ5 ሜትሩ ይበቃል። ከ12 ነጥብ በታች ግን አትውረዱ። መግቢያው አካባቢ ደለሉ ድንገት የሚቀያየር ከሆነ እዚያ መስመር ጨምሩ።

"ስልኬ ጂፒኤስ አለው፣ ገመድ ለምን?" የሚል ይኖራል። የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ይስታል። በ4 ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ነጥቦችን አይለይም። ስልኩ ለፎቶ ይጠቅማል፤ ገመዱ ለቦታ።

ችካሎቹን ስትጨርሱ አትንቀሏቸው። ካልቀሩም ከማይንቀሳቀሰው ነጥብ ያላቸውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ለከርሞ እዚያው ቦታ ላይ መመለስ አለባችሁ።

ልኬቱ

በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሁለት ንባብ ይወሰዳል። ሁልጊዜም ባለ ሳህኑ ይቅደም። ቀጭኑ ከቀደመ ጭቃውን ይበጠብጠዋል።

ባለ ሳህኑን ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ አውርዱ። አትግፉት፤ በራሱ ይውረድ። ሲቆም እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። የውሃው ገጽ ዘንጉ ላይ የት እንደደረሰ አንብቡ። ይሄ የውሃ ጥልቀት ነው። ጓደኛችሁ ቁጥሩን ደግሞ በድምፅ እየተናገረ ይጻፍ። "ሃምሳ" እና "ስልሳ" በነፋስ መሃል ይምታታሉ።

ከዚያ በአንድ ክንድ ርቀት ገባ ብላችሁ ቀጭኑን ዘንግ አውርዱ። ጭቃውን ሲነካ አትቁሙ። በሁለት እጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ልሙ ጭቃ ያለ ችግር ያስገባዋል። ቆየት ያለው ደለል ትንሽ ይከብዳል። ነባሩ ወለል ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። ያን ጊዜ የውሃውን ገጽ አንብቡ። መዶሻ አትጠቀሙ፤ በመዶሻ የማይገባበት ወለል የለም።

ሁሉንም ነጥብ የሚገፋው አንድ ሰው ይሁን። ጉልበተኛው አንዱን፣ ደካማው ሌላውን ከገፋ ቁጥሮቹ አይወዳደሩም። እየተፈራረቁ መግፋት እዚህ ላይ አይሠራም።

እጅ ቶሎ ይለምዳል። ድንጋያማ ወለል "ቋ" ብሎ ዘንጉን ያስተጋባዋል። አሸዋ ይንኮሻኮሻል። የተጠቀጠቀ ሸክላ ያለ ድምፅ ነው የሚይዘው፤ ዘንጉንም ስታወጡት ይጨብጠዋል። በአንድ ነጥብ ላይ ያገኛችሁት ከጎረቤቶቹ በጣም ካነሰ ምናልባት ድንጋይ ወይም ግንድ ነው የነካችሁት። ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ ድገሙት። በየነጥቡ ሁለት ጊዜ መግፋት ጥሩ ልማድ ነው። ሁለቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ግፉና መሃለኛውን ያዙ።

ደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ ይኑር፦ መስመር፣ ነጥብ፣ የሳህን ንባብ፣ የቀጭን ዘንግ ንባብ፣ ልዩነት። ልዩነቱን እዚያው ውሃው ላይ እያላችሁ አስሉ። ሳህኑ 110፣ ቀጭኑ ዘንግ 165 ካለ ደለሉ 55 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጭኑ ከሳህኑ ካነሰ አንዱን ተሳስታችኋል፤ ቦታውን ሳትለቁ ድገሙ።

ነባሩ ወለል ራሱ ጭቃ ሲሆን

በዋልካ አፈር አገር ይሄ እውነተኛ ፈተና ነው። ከላይ የመጣውም ሸክላ ነው፣ ከሥር ያለውም ሸክላ ነው። ውሃ ለዓመታት የጠጣው ነባር ወለል ላዩ ይለሰልሳል። ዘንጉ በቀስታ እየከበደው ይሄዳል እንጂ "እዚህ ነው" ብሎ አይቆምም።

እንደዚህ ከሆነ በሦስት አራት ነጥብ ላይ ናሙና አውጡ። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግልጽ ወይም ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱ። አፉን በሞረድ አሹሉት። ቀጥ አድርጋችሁ እስከሚችለው ድረስ አስገቡት። ቱቦው ስንት እንደገባ በውጭ በኩል ለኩ። ከዚያ የላይኛውን አፍ በመዳፍ ወይም በክዳን አጥብቃችሁ ድፈኑት። አየር ካልገባ ጭቃው አይወድቅም። ቀስ ብላችሁ አውጡና ጠረጴዛ ላይ በእንጨት ገፍታችሁ ዘርጉት።

ደለሉ ብዙ ጊዜ ንብብር አለው። ስስ አሸዋ፣ ከዚያ ጥቁር ጭቃ፣ እንደገና አሸዋ። ነባሩ ወለል ንብብር የለውም። ጠጣር ነው፤ አሮጌ የሳር ሥር ወይም ኩሬው ሲቆፈር የተጠቀጠቀበት ጠጠር ይታይበታል፤ ቀለሙም ይለያል። ድንበሩ እዚያ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ቱቦው ውስጥ ያለው ጭቃ ሲገባ ይጨመቃል። ቱቦው 80 ሳንቲ ሜትር ገብቶ በውስጡ 60 ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ንብብሩ የጀመረበትን ቦታ በቀጥታ አትውሰዱ። ወለሉ ከናሙናው ሦስት አራተኛ ላይ ከታየ ከ80ው ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ ያዙ። ፍጹም አይደለም፤ ግን ከግምት በብዙ ይሻላል። ናሙናው የነገራችሁን ከዘንጉ ስሜት ጋር አስተያዩት፤ ለቀሩት ነጥቦች እጃችሁ የት መቆም እንዳለበት ይማራል።

ኩሬውን የቆፈሩትን ሰዎችም ጠይቁ። "ሲቆፈር ሦስት ሰው ቁመት ነበር" የሚል አባት የተናገረው ቁጥር ባይሆንም ፍንጭ ነው። ዲዛይኑ ወረዳው ዘንድ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ፕላስቲክ የተለበጠ ኩሬና የደረቀ ኩሬ

ጂኦሜምብሬን ላለው ኩሬ ነባሩ ወለል ይታወቃል፤ ሲቆፈር የተለካ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ባለ ሳህኑ ዘንግ ብቻ ነው። ገመድ ከአፍ እስከ አፍ ወጥራችሁ ከገመዱ እስከ ደለሉ አናት ለኩ። ከመጀመሪያው ጥልቀት ላይ ቀንሱ። የተረፈው ደለል ነው። ገመዱ መሃል ላይ እንዳይረግብ አጥብቁት። የሳህኑም ጠርዝ ስለት እንዳይኖረው አሹት።

ግንቦት ላይ ኩሬው ጨርሶ ከደረቀ ሥራው ይቀላል። በዚያው መስመርና ነጥብ ላይ አነስተኛ ጉድጓድ ቆፍሩ። ግድግዳውን በቢላ ጠርባችሁ ንብብሩን እዩ፤ በሜትር ለኩ። ለዓይን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ሁለት ነገር ግን አስታውሱ። አንደኛ፣ የሸክላ ደለል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። የደረቀው ውፍረት ከረጠበው ያንሳል። የዘንድሮን እርጥብ ከከርሞ ደረቅ ጋር አታወዳድሩ። ሁለተኛ፣ የሸክላውን ወለል እንዳትበሱት። ከነካችሁት ያንኑ አፈር መልሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁት።

ስሌቱ

አንድ ምሳሌ ልሥራ። የውሃው ገጽ 30 በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ አለን እንበል። ሦስት መስመር ዘረጋን፤ በየመስመሩ ከዳር በ2፣ በ6፣ በ10፣ በ14 እና በ18 ሜትር ላይ ለካን። የደለሉ ውፍረት በሳንቲ ሜትር እንዲህ ወጣ፦

መስመር ሀ (መግቢያው አጠገብ)፦ 15፣ 40፣ 55፣ 45፣ 20
መስመር ለ (መሃል)፦ 10፣ 30፣ 40፣ 35፣ 10
መስመር ሐ (ግድቡ አጠገብ)፦ 20፣ 50፣ 75፣ 60፣ 20

መስመሮቹ በ5፣ በ15 እና በ25 ሜትር ላይ ስለሆኑ እያንዳንዱ ነጥብ እኩል ቦታ ይወክላል፤ 10 በ4 ሜትር፣ ማለትም 40 ካሬ ሜትር። ድምሩ 525 ነው። ለ15 ሲካፈል አማካዩ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 0.35 በ600 ካሬ ሜትር ሲባዛ 210 ሜትር ኩብ ደለል አለ ማለት ነው።

እስቲ አንድ ቦታ ብቻ ለክተን ቢሆንስ? ግድቡ አጠገብ ያለውን 75 የያዘ ሰው 450 ሜትር ኩብ ይላል። ዳር ላይ 10 ያገኘ ደግሞ 60 ይላል። አንዱ በከንቱ ማሽን ያስመጣል፣ ሌላው ኩሬውን ያስረሳል።

የሳህኑ ንባቦች አማካይ 1.05 ሜትር ቢሆን ውሃው 630 ሜትር ኩብ ነው። ደለሉና ውሃው ሲደመሩ 840። ኩሬው ከአቅሙ ሩቡን አጥቷል። ከተቆፈረ 6 ዓመት ከሆነው በዓመት 35 ሜትር ኩብ ያህል እየገባበት ነው።

ቁጥሩን ለስብሰባ ስታቀርቡ በሜትር ኩብ ብቻ አትተዉት። 210 ሜትር ኩብ 210,000 ሊትር ነው። አንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ቢጠጣ 100 ከብት ለ70 ቀን የሚያጠጣ ውሃ ነው። በትነቱንና ስርገቱን ባንቆጥር ነው ይሄ፤ ቢሆንም ሰው እንዲህ ሲነገረው ልብ ይላል። ለሚጠርገው ደግሞ በመኪና ንገሩት። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ቢይዝ 13 ምልልስ ይሆናል።

ነጥቦቹ እኩል ቦታ ካልወከሉ እያንዳንዱን ውፍረት በራሱ ቦታ አባዙና ደምሩ። ለክብ ኩሬ በተለይ ተጠንቀቁ። ከመሃል እስከ ዳር 10 ሜትር ከሆነ፣ ከመሃል 5 ሜትር ድረስ ያለው ክብ የኩሬውን ሩብ ብቻ ነው የሚይዘው። የውጪው ቀለበት ሦስት አራተኛው ነው። ስለዚህ የውስጡን አማካይ በሩብ፣ የውጪውን በሦስት አራተኛ አባዝታችሁ ደምሩ። ዝም ብሎ አማካይ የወሰደ ሰው የመሃሉን ወፍራም ደለል ያጋንናል።

ከተራራው ስንት ቶን አፈር እንደታጠበ ማወቅ የሚፈልግ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር ያድርግ። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በእርጥብ ደለል ይሙላ፤ በፀሐይ ከዚያም በእሳት ላይ ሙሉ በሙሉ ያድርቀውና ይመዝነው። 0.8 ኪሎ ከወጣ አንዱ ሜትር ኩብ 0.8 ቶን ደረቅ አፈር አለው። የኛው 210 ሜትር ኩብ 168 ቶን ነው ማለት ነው። ናሙናው ከመግቢያውም ከጥልቁም ይወሰድ፤ አሸዋና ጭቃ አንድ አይመዝኑም። በማፍሰሻው አልፎ የሄደው ደቃቅ አፈር በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ከልኬቱ በኋላ

የነጥቦቹን ሥዕል በካሬ ወረቀት ላይ ሥሩ። ቁጥሮቹን በየቦታቸው ጻፉ። ደለሉ መግቢያው ላይ ከበዛ ችግሩ አሸዋና ጠጠር ነው። ከመግቢያው በላይ የደለል ማጥለያ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በየክረምቱ ሁለት ጊዜ ማውጣት ኩሬውን ከመጥረግ እጅግ ይቀላል። ጥልቁ ቦታ ላይ ከበዛ ደቃቅ አፈር ነው፤ ማጥለያ ጉድጓድ አያቆመውም። ከላይ ያለውን እርሻ በእርከን፣ የጎርፉን መንገድ በቬቲቨር ሳር ነው መያዝ ያለባችሁ።

ለመጥረግ ከወሰናችሁ ልኬቱ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። ቆፋሪው የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ኩሬ ውሃ የሚይዘው በሸክላ ወለሉ ነው። ማሽኑ "ትንሽ እናጥልቀው" ብሎ ያንን ከቆረጠው በዓመቱ ውሃው ወደ መሬት ይገባል። ስለዚህ በየነጥቡ ችካል ትከሉና የሚነሳውን ውፍረት በቀለም ጻፉበት። ከሥር 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ደለል ተዉለት፤ ወለሉን ይጠብቃል።

በቦረና ሐሮ የሚባሉት ኩሬዎች በተጠቃሚው ጉልበት ይጠረጋሉ፤ ለዘመናት የቆየ ሥራ ነው። የወጣው ደለል ዳር ላይ አይከመር። አንድ ዝናብ ይመልሰዋል። ቢያንስ ከዳሩ ጥቂት ሜትሮች አርቁት፤ ከተቻለ ወደ ማሳ ይሂድ። ከእርሻ የታጠበ ለም አፈር ነውና ቀጭን አድርጎ ቢበተን ለአትክልት ይጠቅማል። ከከተማ ወይም ከፋብሪካ የሚመጣ ፍሳሽ የሚገባበት ኩሬ ከሆነ ግን ሳይመረመር ማሳ ላይ አይደፋ።

ጠርጋችሁ ስትጨርሱ፣ ውሃ ሳይገባበት፣ ያንኑ 15 ነጥብ እንደገና ለኩ። በዚህ ጊዜ ከማይንቀሳቀሰው ነጥብ ከፍታ ላይ ገመድ ወጥራችሁ እስከ ተጠረገው ወለል ድረስ ነው የሚለካው። ቁጥሮቹን በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱ ከውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዘንድ። በስልክም ፎቶ አንሱት። ለከርሞ ኅዳር ላይ ባለ ሳህኑን ዘንግ ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ ይበቃል፤ ነባሩ ወለል ከአሁን በኋላ ተጽፏል።